የሸሚዝ ቁልፍ ለቀማ

ባለፈው ሰሞን ወልድያ መናኸሪያ የመርሳ ሚኒባስ ልሳፈር ስል፣ ከጎን ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የጉበት ጥብስ ሽታ መጣና አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት፣ ጫፍ ጫፉ ትንሽ ያረረ ጉበት። ረዳቱ «መርሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!» እያለ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል፤ ያቺ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ እግሬ ግን አልነሳ አለ። «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ እዚሁ ሽታ ስትበይ ትውያለሽ?» አለኝ። ሳቄን አፍኜ ገባሁ። እስከ ሲሪንቃ ድረስ በመስኮት ያየሁት ነገር የለም፤ ልቤ ቀድሞኝ መርሳ ገብቶ ነበር፣ ያውም የዛሬዋን ሳይሆን የጦርነቱን ዓመት መርሳ።

ያን ዓመት ደስ ብሎኝ ሳነሳው የሚቆጣኝ ሰው አለ። ይቆጣ። ስንቱ እንደተጎዳ እኔም አውቃለሁ፤ የማወራው ግን የቤታችንን ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ዓመት ፈርቼ አላውቅም፣ እንደዚያ ዓመትም ስቄ አላውቅም።

አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ አስፋልቱ ዳር፣ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ። በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና ነበረችው። ሌሎቹ ሰፊዎች ዲናሞ አስገጥመው መኪናቸውን በመብራት ሲያስጮኹ፣ እሱ «የኔ እግር ገና አልሞተም» እያለ ይረግጣል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ፣ ሰይዶ ነው የምንለው፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራችን እዚያ ነው። ስፒል መሰብሰብ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መጥረግ፣ እና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልፍ መልቀም።

ቁልፍ ለቀማው እንዲህ ነው። ውጭው ደንገዝገዝ ሲል አባቴ መኪናዋን ያቆማል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ያለበትን የወተት ጣሳ ያነሳል፣ እፍኝ ሙሉ ይዘግንና «ቢስሚላህ!» ብሎ ወለሉ ላይ ይበትነዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ አንዱ ከመደርደሪያው ሥር፣ አንዱ ከበሩ ጥግ፣ አንዱ ከመኪናዋ እግር ሥር ይገባል። «ልቀሙ!» ሲል በአራት እግራችን እንራወጣለን። መብራት ማብራት የለም፤ ሕጉ ነው። ብዙ የለቀመ ከረሜላ ያገኛል። እና ማን ያሸንፋል? ሰይዶ! ስምንት ዓመት ያልሞላው፣ አፍንጫውን እንኳ በወጉ የማይጠርግ ሰይዶ፣ በየማታው እኔን ታላቋን ያሸንፈኛል። እኔ አንገቴን አጣምሜ ከጠረጴዛ ሥር ስፈልግ እሱ እፍኙን ሞልቶ ቆሟል። ኧረ ስንት ቀን ነው በንዴት እራት እምቢ ያልኩት!

እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን የሚጫወት ሰው አልነበረም፣ የሚለቀመውን የሚቆጥረው በፍርሃት ነው። በአባቴ ወገን የዓይን በሽታ አለ። ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ አንዱን ይዞ አንዱን ይተዋል። ሲጀምር ዳፍንት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውየው ዓይኑ ይጨልማል፣ ሲነጋ ደህና ይሆናል። ቆይቶ ግራና ቀኙ መጥበብ ይጀምራል፤ ፊት ለፊቱን ያያል፣ ከጎኑ የቆመውን አያይም። ጥበቱ ቀስ እያለ፣ በዓመታት፣ ይዘጋል። ግራና በምትባለው ቀበሌ የሚኖሩት አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አባቴን ደግሞ ያየው ሐኪም «ከዘር ነው፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም» ብሎታል። እንግዲህ አባቴ ለራሱ ያለቀሰውን አልቅሶ ጨርሷል፤ የቀረው የእኛ ነው። ዳፍንት ያለበት ልጅ በድንግዝግዝ ቁልፍ አይለቅምም ብሎ አሰበ። እኛ ለቅመን ስንሰጠው እያንዳንዷን በጣቱ እየዳበሰ ጣሳው ውስጥ ይመልሳል፣ ሁሉም ሲሞላለት «አልሐምዱሊላህ!» ይላል። ያን ማታ እራቱ ይጣፍጠዋል። እኔ ለቁልፎቹ ስስት ነው ብዬ እታዘበው ነበር።

ያልታዘብኩት ነገርስ ነበር እንዴ! አባቴ ሲመሽ እጁን ፊት ፊቱ እያስቀደመ ይሄዳል፣ ልክ እንደ አያቴ። ስለዚህ ወንድ ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ሽማግሌ የሚሆን፣ ሲነጋ ደግሞ ተመልሶ ጎልማሳ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የጓደኛዬ አባት በምሽት ዶሮ ሲያባርር አይቼ «ያንቺ አባት ገና ልጅ ነው» ብያት ተጣላን። እናቴ ዘሐራም አለች። መንገድ ሲሄዱ ሁልጊዜ በግራው ናት፣ ሰው ሲመጣ ጠጋ ብላ ጆሮው ላይ ሹክ ትለዋለች። እኔ የፍቅር ወሬ ነው ብዬ አፍሬ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ለካ የምትለው «ሐሰን በቀኝህ ነው፣ ሰላም በለው፤ ጉድጓድ አለ፣ ረዘም አድርገህ ርገጥ» ነው።

ይህን ከእናቴ በስተቀር በከተማው ያወቀ የለም። እንዴትስ ይወቅ? አባቴ ቀትር ላይ በአንድ ሙከራ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ነው! መርፌዋ ፊት ለፊቱ ናትና ያያታል። ከጎኑ የተጋደመ በግ ግን ሳያይ ተደናቅፎ ይወድቃል። ሰዎች «እንድሪስ ቀልቡ የለም» ብለው ይስቃሉ፣ ያልፋሉ።

ጋሼ ሙሄ ግን አልሳቁም። ጋሼ ሙሄ ፊት ለፊታችን ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ከቁርዓን ቤት ጀምሮ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ። አንድ ጣሳ ውኃ ለሁለት የጠጡ ሰዎች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዒድ ቀን ሶላት ተሰግዶ ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ አፉ በለኝ ሲባባል፣ ጋሼ ሙሄ ከግራ በኩል ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ጆሮ ላይ ሹክ የሚል የለም። አባቴ ያን የተዘረጋ እጅ አልፎ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አቀፈ። በዒድ ቀን! ሕዝብ እያየ! ጋሼ ሙሄ እጃቸውን ሰበሰቡና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን ወዲያ ዓይንና ናጫ ሆኑ። አስፋልቱ በመሃላቸው ነው፣ ሰላምታ የለም።

እናቴ «ሂድና አላየሁህም በለው» እያለች ነዘነዘችው።

«እንዴት አድርጌ ልበለው? በየቀኑ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ከማዶ ያየኛል። እጄ ከመርፌ ቀዳዳ አነሰብህ ወይ አይለኝም?»

«ንገረዋ ታዲያ፣ ዓይኔ ነው በለው።»

«ነግሬው ከተማው ይስማ? ዓይኑ ለሚጠፋ ሰፊ ማን ጨርቁን ይሰጣል? ልጆቼንስ ነገ ማን ያገባቸዋል? ተይኝ ዘሐራ። ኩሩ ይበለኝ ይሻላል።»

እኔም ኩራት መስሎኝ በጋሼ ሙሄ በር ሳልፍ አገጬን ሽቅብ አድርጌ ነበር የማልፈው፤ የአባቴን ጠብ መጠበቄ ነው። ሰይዶ ግን ጠብ የሚባል አያውቅም፤ ሰውየውም ልጅ ይወዳሉ። «ከአባትህ እንጂ ካንተ ምን አለኝ!» እያሉ ጠርተው ከረሜላ ያጎርሱታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ከወልድያ በኩል ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎ መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ። እናቴና አባቴ የስፌት መኪናዋን ጭድ ክፍል ውስጥ ቀበሯትና ከሰዉ ጋር ወደ ግራና ወረድን። መንገድ ላይ መሸ። ሰዉ ሁሉ ድንጋይ እየመታው ይወድቃል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። አባቴ ግን አንድ እጁን የጎረቤታችን አህያ ጀርባ ላይ አድርጎ «እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንሱ፣ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ፤ አትቸኩሉ፣ አብሽሩ» እያለ እንደ መምህር ያስተምራል። እያንዳንዷ ማታ ለሱ እንደዚያች ማታ መሆኗን ማን ያውቃል! እኔ እየፈራሁም ኮራሁበት።

አያቴ አባ ይመር መደብ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ፊታችንን እየዳበሱ ተቀበሉን። የሰይዶን ዓይን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ልጆቹስ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው አባ፣ አልሐምዱሊላህ። በድንግዝግዝ ወለል ላይ የወደቀ ቁልፍ ይለቅማሉ። ትንሹማ ታላቋን ነው የሚበልጣት።»

እኔ ይህን ሰምቼ ተቃጠልኩ። ጦርነት ሸሽተን መጥተን የሰይዶ ማሸነፍ እዚህም ይወራል? አያቴ ግን ፊታቸው በራ። «እሰይ! እሰይ!» አሉ። «እኔንስ እናቴ ዳፍንቱ ይለቀዋል ብላ የሰፈሩን ፍየል ሁሉ ጉበት አብልታኛለች። ጉበቱ ጣፈጠኝ፣ ዓይኔ እንደሆነ ሆነ። የነሱን አላህ ይጠብቀው።»

ግራና ጥቂት ሳምንት ቆይተን፣ ተኩሱ ራቅ ሲል ወደ ቤታችን ተመለስን። ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ ሱቁ ገሚሱ ተዘግቷል፣ ወፍጮ ቆሟል። መኪናችን ግን ጭዷን ለብሳ ተቀምጣለች። አባቴ አውጥቶ ዘይት ሲቀባት እንደ ሙሽራ ነው የዳበሳት። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መብራት የለምና የዲናሞ መኪና ሁሉ ዝም ብሏል፤ የምትሰፋ መኪና የአባቴ ብቻ ሆነች! አዲስ ልብስ ከየትም አይመጣም፤ ሰው ያለውን ያስለጥፋል። የአባት ኮት ለልጅ ይቆረጣል፣ ከስንዴ ከረጢት ሱሪ ይወጣል። ክፍያው እንቁላል ነው፣ ሽምብራ ነው፣ አንዳንዱ ቆብ ሙሉ የዘይቱን ፍሬ ያመጣል። ሱቁ ዘይቱን ዘይቱን ሸተተ። እኔና ሰይዶ በዘይቱን ሆዳችን ደርቆ እናታችን አበደች።

ሲመሽ ደግሞ ከተማው ሁሉ ጨለማ ነው። ሰው በሰው ላይ ይወጣል፤ «ማነህ?» «እኔ ነኝ» «አንተስ?» ይባባላል። ከግድግዳ ጋር የተጋጨው ሁሉ ይስቃል። በዚያ ሰሞን ዳፍንት የሌለበት ሰው መርሳ ውስጥ አልነበረም። አባቴ እንዲያ ዘና ብሎ አይቼው አላውቅም፤ ቢደናቀፍም የሚታዘበው የለም። የቁልፍ ለቀማው አልቀረም፣ ሽልማቱ ግን ዘይቱን ሆነ። ከረሜላ የሚባል ነገር ከከተማው ጠፍቶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከጋሼ ሙሄ ዘንድ ሞራ እንድናመጣ ላከችን። ናፍጣ ስለሌለ ሞራ አቅልጣ፣ ከአባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ክር ገምዳ መብራት ትሠራ ነበር። «ባሎች ቢኮራረፉ ሞራው ምን አደረገ?» አለች። ሄድን። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ግን መጋረጃው ወርዶ ጨለም ብሏል። ጋሼ ሙሄ ቢላዋቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሞራውን በኮባ ቅጠል ጠቀለሉልኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉኝና ከኮታቸው ኪስ አንዲት ከረሜላ አወጡ። ቀይ ወረቀት ያላት ከረሜላ! ከየት አመጧት? ምራቄ ሞላ። ቢላዋው አፋቸው ላይ ነውና ሳይናገሩ ከሰይዶ ጎን ዝቅ አድርገው ዘረጉለት።

ሰይዶ አልተቀበለም። ወደ በሩ እያየ ዝም ብሎ ቆመ። እጃቸውን ትንሽ አስጠጉለት። እሱ እንኳን ሊቀበል፣ እጃቸውን አልፎ «ሉባባ፣ አንሄድም?» አለኝ።

የጋሼ ሙሄ ፊት ጠቆረ። ቢላዋውን ከአፋቸው አውጥተው እንጨቱ ላይ ሰኩት። «አባትሽ ነው ይህን ያስተማረው? እ? እሱ በዒድ ቀን ሕዝብ ፊት አዋረደኝ፣ ቻልኩት። አሁን ደግሞ ልጁ እጄን ይጠየፈኝ?»

«ምን አደረግኩ?» አለ ሰይዶ።

«ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወር ኪሴ ውስጥ የደበቅኋት! ተወው! እኔው እበላታለሁ!» ብለው፣ ወላሂ አልዋሽም፣ ያ ትልቅ ሰውዬ በንዴት የከረሜላዋን ወረቀት መቅደድ ጀመሩ።

ወረቀቱ ጭርር አለ። የሰይዶ አንገት ቀለስ አለና ዞረ። «ከረሜላ!» አለ። ፊቱ ሁሉ ሳቅ ሆነ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ፣ አንዴ ሳተ፣ ቀጥሎ የጋሼ ሙሄን ክንድ አገኘና ከክንዳቸው ወደ መዳፋቸው፣ ከመዳፋቸው ወደ ጣታቸው እየዳበሰ ወርዶ ከረሜላዋን ያዛት።

ጋሼ ሙሄ እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ፊቱ ላይ ተንበረከኩ።

«ሰይዶ፣ ቅድም አላየሃትም?»

«የት ነበረች?»

«እጄ ላይ።»

«እጅዎ የት ነበር?»

«ሱብሐነላህ» አሉ ጋሼ ሙሄ። «ሱብሐነላህ! ያ የዒዱ እጄ!» ከረሜላ የሚጠየፍ ልጅ እንደሌለ እሳቸው ያውቃሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው፣ ሱቁን ክፍት ትተው፣ አስፋልቱን ተሻገሩ። እኔና ሰይዶ ሞራችንን ይዘን በሩጫ ተከተልናቸው።

አባቴ መኪናዋን እየረገጠ ነበር። ጋሼ ሙሄ በግራው በኩል ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ፣ እንደዚያ እንደ ዒዱ። አባቴ መስፋቱን ቀጠለ። ክሩ ይንቀሳቀሳል፣ እግሩ ይረግጣል፤ የጋሼ ሙሄ እጅ እዚያው ጎኑ ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ ሙሄ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀስ ብለው ዞረው ፊት ለፊት መጡና እጃቸውን በሚሰፋው ጨርቅ ላይ፣ መርፌዋ አጠገብ፣ አኖሩት።

መኪናዋ ቀጥ አለች። አባቴ ጨርቁ ላይ ያረፈችውን እጅ አየ። የአመልካች ጣቷ ጫፍ በቢላዋ የተቆረጠች እጅ ናት፤ ልጅ ሆነው አብረው በግ ሲገፍፉ ነው የተቆረጠችው።

«ሙሄ?» አለ።

«ሙሄ ነኝ። አፉ በለኝ እንድሪስ። አላየኸኝም ለካ! አላየኸኝም!»

አባቴ ያቺን እጅ አንስቶ ሳማት፣ ጋሼ ሙሄም የሱን ሳሙ፤ እንደገና ተሳሳሙ። ሁለት ጢማም ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሕፃን ሲሆኑ እኔ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ከዚያ አባቴ ቀና አለ።

«ማን ነገረህ?»

ጋሼ ሙሄ ዞረው ሰይዶን አዩት።

«ዘሐራ ናት?»

«ልጅህ ነው።»

«ሰይዶ አያውቅም'ኮ። እንዴት ብሎ ይነግርሃል?»

ጋሼ ሙሄ የአባቴን እጅ አልለቀቁም። «ከረሜላ ዘርግቼለት አልፎኝ ሄደ፣ እንድሪስ። እንዳንተው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ የለም። ቁልፍ ይለቅማል'ኮ። በድንግዝግዝ ይለቅማል። ሁሌ እሱ ነው የሚያሸንፈው» አለ፤ አነጋገሩ የልመና ነበር። «ሰይዶ፣ ና እስኪ። ቁልፎቹን እንዴት ነው የምታገኛቸው?»

ሰይዶ ከረሜላዋን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዛወረና በኩራት ደረቱን ነፋ። «ሲወድቁ እሰማቸዋለሁ! የት እንደሄዱ በድምፃቸው አውቃለሁ። ከዚያ በእጄ እዳብሳለሁ። ሉባባ በዓይኗ ስትፈልግ እኮ ነው የምትዘገየው።»

«አላልኩም ወይ! አጭበርባሪ!» ብዬ ጮህኩ። ይኸው ተያዘ ብዬ ነው። ግን ማንም አልሰማኝም። አባቴ መኪናዋ ላይ ግንባሩን አሳርፎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ መጣች። ሁለቱን አየች፣ ሰይዶን አየች፣ ገባት። የሰይዶን ራስ ወደ ቀሚሷ አስጠጋች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን የቁጣ ነበር።

«በቃ! ልጁ እያየህ አታልቅስበት። የኔን ቤት ማን ሠራው? ይኸው ዓይንህ ነው የሠራው። ማን ያገባቸዋል ትለኛለህ ሁልጊዜ። እኔስ አላገባሁህም? በሠርጋችን ማታ ሚዜህ ላይ ተደናቅፈህ ስትወድቅ አይቼ ነው የቆየሁት። ዳፍንት እንዳለብህ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ወላሂ፣ አንድ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።»

አባቴ ቀና ብሎ እንደ አዲስ ሰው አያት። ጋሼ ሙሄ በእንባቸው መሃል ፍንድት ብለው ሳቁ፤ «ሚዜው'ኮ እኔ ነኝ! ወገቤን ሰብሮኝ ነበር፣ ሰክሯል ብዬ ለሰው አላወራሁበትም!» ሲሉ አባቴም ሳቁ አመለጠው። የሚጠጣ ሰው አይደለማ!

በማግስቱ ጉበት መጣ። ጋሼ ሙሄ ባረዱ ቁጥር ጉበቱን ለማንም አይሸጡም፣ ትኩሱን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አስፋልቱን ይሻገራሉ። «ዳፍንት ጉበት ይፈራል» ይላሉ። አባቴ አያቴ ያሉትን ያውቃል፤ ግን ጎርሶ፣ አጣጥሞ፣ «ዛሬስ ደህና አየሁ!» ይላቸዋል። ጋሼ ሙሄ ደስታቸው! እኔም ከልቤ አመንኩ። ማስረጃም ነበረኝ፦ አባቴ አሁን ጋሼ ሙሄ ከማዶ ሲመጡ ገና ሳይደርሱ ዞሮ ሰላም ይላቸዋል። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ጋሼ ሙሄ ከበራቸው ሲነሱ ጀምረው «ሙሄ ነኝ! በግራህ ነኝ! መጣሁ!» እያሉ በጠራራ ፀሐይ መጮሃቸው ነው። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ቆይቶ ሰፈሩም ለመደው፤ «ሐሰን ነኝ እንድሪስ፣ በቀኝህ!» «ፋጡማ ነኝ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» ይላል ሁሉም። አባቴ የፈራው ወሬ ወጣ፣ ጨርቅ ግን አልቀረበትም። እናቴ መንገድ ላይ ሹክ ማለቷን ግን አልተወችም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቁልፍ ለቀማውም ቀጠለ፣ ግን ተለወጠ። አባቴ በትኖ መቁጠሩን ትቶ እሱም ከእኛ ጋር ወለሉ ላይ ወረደ። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ቁልፍ አላገኘም። ሰይዶ «አባ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ስማ። ስትቆም ጭጭ ትላለች፣ እዚያ ነው የምትሄደው» እያለ ያስተምረዋል። አባቴ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሽልማቱ ያረረው የጉበት ጫፍ ሆነ፣ የሚጣፍጠው እሱ ነውና። እኔ ያን ጫፍ ከስንት አንዴ ነው የቀመስኩት!

ታጣቂዎቹ ከከተማው ከወጡ በኋላ መብራቱ ቶሎ አልመጣም። የመጣው አንድ ማታ፣ የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ እናቴ ጉበቱን ስትጠብስ፣ እኛ ሦስታችን ወለሉ ላይ ሆነን ነው። ድንገት ከራሳችን በላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ከመንገዱ እልልታ ተነሳ፣ ልጆች «መብራት መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ ሱቁ ሁሉ በራ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩና ገለጥኩ፤ ጉልበቴ ሥር ሦስት ቁልፎች ተኝተዋል። ዘልዬ አፈስኳቸው።

ሰይዶ ሰማኝ። «አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። «አባ፣ አጥፋው! በዓይኗ እየለቀመች ነው! ልታሸንፈኝ ነው!»

አባቴ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አምፖሉን ቀና ብሎ አየው። ስንት ወር የጠበቀው መብራት ነው። እናቴ የጉበቱን ድስት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። እሱ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደና ማጥፊያውን ቀጭ አደረገው። ጎዳናው ሁሉ በርቶ የኛ ሱቅ ብቻ ጨለመ። አባቴ ተመልሶ ወለሉ ላይ ከሰይዶ አጠገብ ተንበረከከ።

ከማዶ ጋሼ ሙሄ ጮኹ፤ «እንድሪስ! ሙሄ ነኝ! መብራት መጥቷል'ኮ፣ አምፖልህ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም!» አለ አባቴ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ልጄ እያሸነፈ ነው!»